ታው እንደ ጎርፍ አይመጣም፦ ስለ አልዛይመር ለተጻፈ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከአራት ሰው ደረሰኝ። አንዷ የአክስቴ ልጅ ናት። «እስቲ አንብበው፤ ለእማዬ ፈራሁላት» የሚል መልእክት አብራ ልካለች። አነበብኩት። ደገምኩት። ዝም ብዬ ልለፈው ብል አልሆነልኝም።

ጽሑፉ ስለ አልዛይመር፣ ስለ መርሳት በሽታው ነው። ፍሬ ነገሩ ይኸው፦ ታው የሚባል መርዝ አንጎል ውስጥ ይገባል። እንደ ጎርፍ በአንዴ ሁሉንም ያጥለቀልቃል። ከሰው ወደ ሰው ሊተላለፍ ስለሚችል አስታማሚ ይጠንቀቅ። ሐኪሞች ለዓመታት ያወሩት የአሚሎይድ (አንጎል ውስጥ የሚከማች ሌላ ፕሮቲን ነው) ነገር ውሸት መሆኑ ተደርሶበታል። ታው የተገኘበት ሰው አበቃለት። መድኃኒቱ ጠዋት ጠዋት እርድና ጥቁር አዝሙድ በማር ነው።

ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉት አልጠራጠርም። አባታቸውን ያስታመሙ ሰው ናቸው፤ የአስታማሚ ድካም ከየመስመሩ ይነበባል። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚስተውን ነገር አግኝተዋል፤ ስደርስበት እሰጣቸዋለሁ። የቀረውን በየተራ እንየው።

«ታው ከውጭ የሚገባ መርዝ ነው።»

አይደለም። ይህን በምታነቡበት ደቂቃ የእናንተም አንጎል ውስጥ ታው አለ፤ የእኔም። የራሳችን ፕሮቲን ነው። የተገኘው በ1975 (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አሜሪካ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ነው። ያኔ ተመራማሪዎቹ አልዛይመርን እያሰቡ እንኳ አልነበረም። ማወቅ የፈለጉት ሴል ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ቱቦዎች እንዴት እንደሚገጣጠሙ ነበር። የነርቭ ሴል ረጅም ነው። ከጀርባ ተነስቶ እስከ እግር ጣት የሚደርስም አለ። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ስንቅ የሚመላለሰው በእነዚህ ቱቦዎች ላይ ነው።

የጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ቋሚው ይቆማል፣ ማገሩ ይጋደማል፤ ሁለቱን አጥብቆ የሚይዘው ግን ልጡ ነው። ታው የነርቭ ሴል ልጥ ነው። በበሽታው ጊዜ ፎስፌት የሚባል ቅንጣት ከልክ በላይ ይለጠፍበታል። ከቱቦው ይላቀቃል። የተላቀቀው እርስ በርሱ ይጣበቅና ጥንድ ጥንድ ሆኖ እንደ ገመድ ይጎነጎናል። ሴሉን እስኪሞላው ድረስ። ትብትብ የሚባለው እሱ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር ፍራንክፈርት ታክማ በሞተች አንዲት ሴት አንጎል ውስጥ አይቶት በ1906 ለሙያ ባልደረቦቹ የተናገረው ይህንኑ ነው። ትብትቡ ከታው የተሠራ መሆኑ የታወቀው ግን በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። ሰማንያ ዓመት ገደማ መሆኑ ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። መርዝ ቢሆን ጠርጎ ማውጣት ነበር። ልጥ ሲሆን ግን የተበላሸውን ከደህናው መለየት ይጠይቃል። ሐኪሞች እስካሁን የሚታገሉት ከዚህ ጋር ነው።

«እንደ ጎርፍ ነው። መርሳት የጀመረ ዕለት አንጎል ሁሉ ተጥለቅልቋል።»

ከስሕተቶቹ ሁሉ ቤተሰብን የሚጎዳው ይሄኛው ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ሃይኮ ብራክና ኢቫ ብራክ የሚባሉ ጀርመናውያን ባልና ሚስት ነበሩ። ከሞቱ ሰዎች የተወሰዱ 83 አንጎሎችን መርምረው ውጤቱን በ1991 አሳተሙ። ሥራው አሰልቺ ነው። ቆርጦ፣ አቅልሞ፣ ትብትቡ የት የት እንዳለ መመዝገብ። ግን ያገኙት ነገር ይገርማል። ትብትቡ በዘፈቀደ አልተበተነም። መንገድ አለው። መጀመሪያ የሚያዝ ቦታ አለ፣ ቀጥሎ የሚያዝ አለ፣ መጨረሻ ላይ የሚያዝ አለ። ጉዞውን በስድስት ደረጃ ከፈሉት። ፓቶሎጂስቶች (በሽታን ከሥጋ ናሙና የሚመረምሩ ሐኪሞች) ዛሬም የሚጠቀሙት ይህንኑ አከፋፈል ነው።

መነሻው ከጆሮ ገባ ብሎ ቴምፖራል ሎብ በሚባለው የጎን የአንጎል ክፍል ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ያለ ትንሽ ቦታ ነው። ኢንቶራይናል ኮርቴክስ ይባላል። ጎረቤቱ ሂፖካምፐስ የአዲስ ትዝታ መዝገብ ቤት ነው ብንል ኢንቶራይናል በረኛው ነው። ያየነውና የሰማነው ወደ መዝገብ ቤቱ የሚያልፈው በእሱ በኩል ነው። ሌላም ሥራ አለው። በ2005 የኖርዌይ ተመራማሪዎች አይጦች ላይ እዚሁ ቦታ «የት ነው ያለሁት» የሚለውን የሚያሰሉ ሴሎች አገኙ፤ በ2014 ኖቤል ተሸለሙበት።

አሁን አንድ የምታውቋቸውን አዛውንት አስቡ። አርባ ዓመት የተመላለሱበትን ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት የሚወስድ መንገድ ይስታሉ። ሰፈሩ «ጃጁ» ይላል። ጃጁ የምትለው ቃል ሰውዬውን ሙሉ በሙሉ ትጠቀልላቸዋለች፤ ሁሉ ነገራቸው እንደሄደ ታስመስላለች። ምናልባት ግን የታመመው በረኛው ብቻ ነው።

አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ላይ ትብትቡ እዚያ በር አካባቢ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰውዬውም ቤተሰቡም ምንም አያውቁም። ሦስተኛና አራተኛ ላይ ወደ ሂፖካምፐስና ወደ አካባቢው ይዘልቃል። ያን ጊዜ የዛሬ ቁርስ ይረሳል፤ የ66ቱ አብዮት ግን ትናንት የሆነ ያህል ይወራል። አምስተኛና ስድስተኛ ላይ ሰፊው የአንጎል ቅርፊት ይደረስበታል። ቋንቋ ይቸግራል፣ ማመዛዘን ይጠፋል፣ የልጅ ፊት እንግዳ ይሆናል። እንቅስቃሴን በቀጥታ የሚያዙት፣ ንክኪንና ብርሃንን መጀመሪያ የሚቀበሉት ክፍሎች የሚነኩት መጨረሻ ላይ ነው። የልጁ ስም የጠፋበት ሰው ደህና አድርጎ የሚራመደው ለዚህ ነው።

አያቴ በመጨረሻ ዓመቷ እናቴን «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ትላት ነበር። ውዳሴ ማርያም ግን አንድም ቃል ሳትስት ትደግማለች። ቤታችን ውስጥ «አውቃ ነው» ያሉ ነበሩ። አውቃ አልነበረም። በልጅነት የተሸመደደ ጸሎትና ዛሬ ጠዋት የተባለ ነገር የሚቀመጡት አንድ ጓዳ አይደለም። ይህን ያኔ የነገረን ሰው ቢኖር ስንት ኩርፊያ ይቀር ነበር።

ጎርፍ የሚለው ምሳሌ ጊዜውንም ያሳስታል። በ2011 ሃይኮ ብራክና ባልደረቦቹ ከ1 ዓመት ሕፃን እስከ 100 ዓመት አዛውንት የ2,332 ሰዎችን አንጎል ያካተተ ጥናት አወጡ። የመጀመሪያዎቹ የታው ለውጦች በሃያዎቹ ዕድሜ፣ እንዲያውም ከዚያ በታች ባሉ ወጣቶች ላይ ታዩ። የታዩትም ከአንጎል ግንድ ላይ፣ ሎከስ ሴሩሊየስ በሚባል ትንሽ ቦታ ነው። ትርጉሙ «ሰማያዊው ቦታ» ነው፤ እንዲህ ላለ ነገር ስሙ ያምራል። እነዚያ ወጣቶች ታመዋል ማለት አይደለም፤ ብዙዎቹ ቢኖሩ ኖሮ ምንም ላይሆኑ ይችሉ ነበር። ግን መንገዱ በአሥርት ዓመታት የሚለካ መሆኑን ያሳያል። ቤተሰብ «ዘንድሮ ነው የጀመራቸው» ሲል የሚያወራው ስለ ምልክቱ ነው።

እኔም እንዳላጋንን አንድ ነገር ልጨምር። መንገዱ ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም። በ2021 ከ1,600 በላይ ሰዎችን ፔት ስካን (በሕይወት ያለ ሰው አንጎል የሚታይበት ምስል) ያነጻጸረ ጥናት ታው አራት ዓይነት አካሄድ እንዳለው አሳይቷል። አንዱ ከኋላ፣ ዕይታን ከሚያቀናብረው ክፍል የሚበረታ ነው። እንዲህ ያለው ሰው መጀመሪያ ላይ አይረሳም። ዓይኑ ደህና ሆኖ ሳለ ማየት ይቸግረዋል። ፊቱ ያለውን ብርጭቆ ይስተዋል፣ መስመር ተከትሎ ማንበብ ያቅተዋል፣ ደረጃ ሲወርድ ይፈራል። ቤተሰብ መነጽር ይገዛል። ሁለተኛም ይገዛል።

«ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል።»

ይህ ወሬ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሳይንቲስቶች «ታው ከሴል ወደ ሴል ይዛመታል» ይላሉ። ከዚያ «ከሴል ወደ ሴል» የሚለው መንገድ ላይ ይወድቅና «ይዛመታል» ብቻዋን ትደርሳለች።

እውነቱ ይሄ ነው። የተበላሸ ታው ደህናውን ታው ያበላሻል። ሲነካው የራሱን ቅርጽ ያስይዘዋል። በ2009 ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ውስጥ የተሠራ ሙከራ ይህን በአይጥ አሳየ። ትብትብ ካለባት አይጥ አንጎል የተወሰደ ጭማቂ ትብትብ በሌላት አይጥ አንጎል ውስጥ በመርፌ ገባ። ትብትቡ እዚያ ተፈጠረ፤ ከወራት በኋላም ከተወጋው ቦታ ርቆ ታየ። በ2012 ደግሞ ሁለት የአሜሪካ ቤተ ሙከራዎች የሰው ታው በዋነኛነት ኢንቶራይናል ላይ ብቻ እንዲመረት አድርገው አይጦች አራቡ። ታው ከዚያ ተነስቶ በነርቭ ወደተያያዙት ክፍሎች ሄደ።

ቁም ነገሩ «በነርቭ ወደተያያዙት» የሚለው ላይ ነው። ታው ዝም ብሎ አጥር ለአጥር አይሄድም። እንደ እኛ ሀገር ወሬ ነው። ጎረቤት ሳይሰማ ዋሽንግተን ያለ ዘመድ ይሰማል፤ ምክንያቱም ስልክ አለ። አንጎል ውስጥም ራቅ ያለ ግን በነርቭ የተገናኘ ክፍል፣ አጠገብ ካለ ግን ካልተገናኘ ክፍል ቀድሞ ሊያዝ ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው በአንድ ራስ ቅል ውስጥ ነው። ታማሚን ማጠብ፣ ማጉረስ፣ መሳም፣ አብሮ መተኛት አልዛይመርን አያስተላልፍም። ጸሐፊው በደንብ ቢፈልጉ የሚያገኙት አንድ ለየት ያለ ታሪክ አለ፤ እኔው ልንገራቸው። በእንግሊዝ ከ1959 እስከ 1985 ድረስ ቁመታቸው አልጨምር ላለ ልጆች ከሞቱ ሰዎች አንጎል ሥር የተወሰደ የእድገት ሆርሞን ይወጉ ነበር። መድኃኒቱ አንዳንዱ በአሚሎይድ የተበከለ ነበር። በ2024 የወጣ ጥናት ከእነዚያ ልጆች መካከል አምስቱ በጎልማሳነታቸው የአልዛይመር ዓይነት ምልክት እንዳሳዩ ዘገበ። አሠራሩ በ1985 ቆሟል። ልጆቹ የተወጉት ለዓመታት፣ ተደጋግሞ ነው። እናትን ገንፎ ከማጉረስ ጋር ምን አገናኘው?

«አሚሎይድ ውሸት ነው፤ ሁሉም ነገር ታው ነው።»

ግማሽ እውነት ለመመለስ ያስቸግራል። መጀመሪያ የሚገባቸውን ልስጣቸው። የሰውዬውን መዳከም በደንብ የሚከተለው አሚሎይድ ሳይሆን ታው ነው። ሳን ፍራንሲስኮ ያሉ ተመራማሪዎች በ2020 በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ያሉ 32 ታማሚዎችን በፔት ስካን አይተው ነበር። ታው የበዛበት ቦታ ከዓመት ከምናምን በኋላ የሚሟሽሸው ቦታ ሆኖ ተገኘ። የአሚሎይዱ ቦታ ግን የሚሟሽሸውን ቦታ አልጠቆመም። ጸሐፊው «ሐኪሞች ስለ አሚሎይድ ብቻ ሲያወሩ ታውን ረሱት» ሲሉ ታዲያ ቅሬታቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም።

ከዚያ ወዲያ ግን መንገዱን ይስታሉ። ማስረጃቸው በ2006 ኔቸር ላይ የወጣ አንድ የሚኒሶታ ጥናት ነው። በአይጥ ላይ የተሠራ፣ ስለ አንድ የተለየ የአሚሎይድ ዓይነት የሚናገር ነበር። ምስሎቹ ተነካክተዋል ተብሎ በ2024 ተሰርዟል። ይህ እውነት ነው፤ ያሳፍራልም። ግን የአሚሎይድ ነገር በዚያ ጽሑፍ ላይ አልቆመም።

በ1991 ለንደን ውስጥ በወጣትነት አልዛይመር በሚይዘው አንድ ቤተሰብ ላይ፣ አሚሎይድ የሚወጣበትን እናት ፕሮቲን የሚያመርት ጂን ተበላሽቶ ተገኘ። ያ ጂን ያለው 21ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ሰዎች ደግሞ 21ኛው ክሮሞዞም ሦስት ነው፤ አርባ ዓመት ሲሞላቸው የሁሉም ማለት ይቻላል አንጎል የአልዛይመር ለውጥ ይታይበታል። በ2012 ደግሞ አይስላንድ ውስጥ የዚሁ ጂን ሌላ ለውጥ ተገኘ። አሚሎይድን ይቀንሳል፤ ያላቸውንም ሰዎች ከአልዛይመር ይጠብቃል። አንዱም ከሚኒሶታው ጥናት ጋር አይገናኝም።

እኔን በጣም ያሳመነኝ ግን የ1998ቱ ግኝት ነው። የታው ጂን ራሱ የተበላሸባቸው ቤተሰቦች ተገኙ። የሚታመሙት ግን በአልዛይመር አይደለም። ባሕርይንና ንግግርን ቀድሞ የሚያበላሽ ሌላ የመርሳት በሽታ ነው። አንጎላቸው በታው ይሞላል፤ የአሚሎይድ ክምር ግን የለም። አስተውሉ። የአሚሎይድ ጂን ሲበላሽ የታው ትብትብ ይከተላል። የታው ጂን ሲበላሽ አሚሎይድ አይከተልም። ማን ማንን እንደሚጎትት ከዚህ ይታያል።

አሁን በሰፊው የተያዘው ሐሳብ ይህን ይመስላል። በእርጅና ኢንቶራይናል ላይ ጥቂት ታው መኖሩ የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቆያል። አሚሎይድ በቅርፊቱ ላይ ሲከማች ታው ድንበሩን ይሻገራል። አሚሎይዱ ምልክት ከመታየቱ 15 እና 20 ዓመት ቀድሞ ይጀምራል። ታው ሲሻገር ነው ሰው የሚረሳው።

ኮሎምቢያ አንቲዮኪያ በሚባል ክፍለ ሀገር አንድ ትልቅ የዘመድ ስብስብ አለ። በዘር የሚመጣ ጉድለት ስላለባቸው አርባዎቹ አጋማሽ ላይ መርሳት ይጀምራሉ። ጉድለቱ ያለባት አንዲት ሴት ግን እስከ ሰባዎቹ ድረስ ደህና ነበረች። ታሪኳ በ2019 ታተመ። አንጎሏ በአሚሎይድ ተሞልቶ ነበር። ታው ግን በጣም ጥቂት። ሌላ እምብዛም የማይገኝ የጂን ለውጥ ከእናትም ከአባትም ወርሳ ነበር፤ አሚሎይዱ ታውን እንዳይጎትት ያገዳት እሱ ሳይሆን አይቀርም። ይህቺ ሴት ጸሐፊውንም ትደግፋለች፣ እኔንም። ያለ ታው አሚሎይድ ብዙ አልጎዳትም። ዘመዶቿን የጎዳው ታው ግን ያለ አሚሎይድ አልመጣም።

«ታው የተገኘበት ሰው አበቃለት።»

ይሄን አጭር ላድርገው። ትብትብ ኖሮባቸው አሚሎይድ የሌለባቸው፣ ከዕድሜ የተነሳ ብቻ የሆነባቸው አዛውንቶች ብዙ ስለሆኑ ከ2014 ጀምሮ ሁኔታው የራሱ ስም ተሰጥቶታል። አሜሪካ ውስጥ 678 መነኩሴዎች በተሳተፉበት የታወቀ ጥናት ደግሞ አንዲት እናት በ101 ዓመታቸው አረፉ፤ የአእምሮ ፈተናውን እስከ መጨረሻው በደንብ ይሠሩ ነበር። አንጎላቸው ሲታይ ትብትቡም ክምሩም ነበረበት። በ2025 አሜሪካ ውስጥ የታውን ቁራጭ ከደም የሚለካ ምርመራ ተፈቅዷል፤ የተፈቀደውም ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ ምልክት ለሚታይባቸው ሰዎች ነው። ደህናውን ሰው ለማስደንገጥ አይደለም።

እርዱስ?

እርድ በወጥ ደስ ይላል። ታውን ከሰው አንጎል ያጠበ ቅመም ግን የለም። ትልልቅ መድኃኒት አምራቾች ሳይቀሩ ታውን በአንቲቦዲ (ዒላማውን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ለመያዝ ሞክረው ተደጋግሞ አልተሳካላቸውም። ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ትብትቡ ያለው ሴል ውስጥ መሆኑ ነው፤ አንቲቦዲ ደግሞ በብዛት ውጭ ነው የሚዞረው። አሚሎይድን የሚያነሱት ሌካኔማብና ዶናኔማብ የሚባሉ መድኃኒቶች መዳከሙን በመጠኑ ያዘገያሉ። የአንጎል እብጠትና መድማት ሊያመጡ ስለሚችሉ ክትትል ይፈልጋሉ። ዶናኔማብ ታው ገና ብዙ ባልተጓዘባቸው ሰዎች ላይ 35 በመቶ ገደማ አዘግይቷል፤ ታው የበዛባቸው ሲጨመሩ ወደ 22 በመቶ ወረደ። ያው የመንገዱ ነገር ነው። በ2023 ደግሞ በጀርባ መርፌ የሚሰጥ፣ ታው ከጅምሩ እንዳይመረት የሚያደርግ መድኃኒት 46 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በጀርባ ፈሳሻቸው ውስጥ ያለውን ታው በግማሽ ገደማ ቀንሷል።

የማር ብርጭቆው ሌላ ችግርም አለው። ጊዜ ይበላል። የሚረሳ ሁሉ አልዛይመር አይደለም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ያስረሳል። የታይሮይድ ሥራ መቀነስ ያስረሳል። ድብርት ያስረሳል። ወድቀው ራሳቸውን የተመቱ አዛውንት ከሳምንታት በኋላ በሚጠራቀም ደም ሊያስረሳቸው ይችላል። እነዚህ ይታከማሉ።

የአክስቴን ልጅ ደወልኩላት። ጽሑፉን ትተን ስለ እናቷ አወራን። አክስቴ ብዙም አትረሳም አለችኝ። የዛሬ ሳምንት የተባለችውን ሁሉ ታስታውሳለች። ግን በአንድ ዓመት ሦስት መነጽር ቀይራለች፤ የዓይን ሐኪሙ ሦስቴም ዓይኗ ደህና ነው ብሏታል። ሲኒ ፊቷ ተቀምጦ «የታለ?» ትላለች። ደረጃ መውረድ ትታለች።

የነርቭ ሐኪም ቀጠሮ ይዘናል። ሐሙስ ነው። መነጽሮቹን ሦስቱንም ይዛችሁ ኑ ብያታለሁ።